በልጅቷ ፈተና ላይ የተሸከምኩት ድንጋይ

የልጅ ልጄ ማስተርሷን የምትጨርስበት ቀን ደረሰና ከላሊበላ ወደ ዩኒቨርስቲዋ ይዛኝ ሄደች። ሚኒባሱ ፍላቂት ላይ ሰው ሲጭን፣ «አንቺ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን የተማርሽው ምንድን ነው?» አልኳት።

«እማማ፣ በረዶ የደረቀ አውድማ ሲመታ አይተው ያውቃሉ?»

«ገብሴን ሲያወድምብኝ አይቻለሁ።»

«አፈሩ ይፈናጠራል አይደል? እኔም አዮን የሚባል፣ ዓይን የማያየው፣ ኤሌክትሪክ ያለበት ደቃቅ ነገር አስሮጬ ብረት እመታበታለሁ። ከብረቱ አቶሞች ይፈናጠራሉ። አንዳንዶቹ ለየብቻ፣ አንዳንዶቹ ግን እንደ ጓል ተጣብቀው ይወጣሉ። እንዴት እንደሚጣበቁ ነው ጥናቴ።»

«ታዲያ ብረት ለመውገር ዩኒቨርስቲ ምን አስኬደሽ? ድንጋዩ እኛ አገር ሞልቶ።»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

አዳራሹ ውስጥ በር አጠገብ አስቀመጡኝ። መምህራኑ ከፊት ተደርድረዋል። እሷ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየች በእንግሊዝኛ ታንበለብለዋለች፤ አንድም አልገባኝ፣ ግን ደስ ብሎኛል። ኋላ መላጣው መምህር ጣቱን አንስቶ አንድ ነገር ጠየቃት። ድምፁ ቆጣ ያለ ነው። ልጄ አንገቷን ደፍታ ዝም አለች።

እኛ አገር ከሽማግሌ ፊት እንዲያ ዝም ያለ ሰው ጥፋት ተገኝቶበታል። ያን ጊዜ ዘመድ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ይንበረከክለታል። በሩ እንዳይዘጋ ያስደገፉት ድንጋይ ነበር፤ ብድግ አደረግኩት። በሩ ኋላዬ ጓ ብሎ ተዘጋ። ፊታቸው ተንበርክኬ፣ «ስለ ማርያም ይማሯት ጌቶቼ፣ ልጅ ናት» አልኩ።

ከኋላ አንዱ ሳቁን አፈነ። መላጣው ሮጦ መጥቶ ድንጋዩን ከላዬ አነሳና፣ «እናቴ፣ ምንም አላጠፋችም። ጥያቄ ነው የጠየቅኳት» አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ልጄ ፊቷን በወረቀት ሸፍናለች። ወጥቼ ከግንቡ ሥር ኩርምት አልኩ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ።

ሳቁስ ይሁን። እኛ አገር ድንጋይ የተሸከመን ሰው ማንም እንቢ አይለውም። ለኔ ሲሉ ቢያሳልፏትስ? ያ ሁሉ ልፋቷ የአሮጊት ልመና ሆኖ ሊቀር ነው። የከነከነኝ ይሄ ነው።

ቆይታ ወጣች። «እማማ፣ አለፍኩ።»

«በእኔ ልመና ነው?»

አጠገቤ ተቀመጠች። «የጠየቁኝ አቶሞቹ ከብረቱ ሲነሱ ጀምሮ አብረው ናቸው ወይስ ከወጡ በኋላ ነው የሚጣበቁት ብለው ነው። ሁለቱም ስለሚሆን ከየትኛው ልጀምር እያልኩ ነበር ዝም ያልኩት።»

«ኋላስ ምን አልሽ?»

«የትንንሾቹ ጓሎች አቶሞች ከወጡ በኋላ ጎን ለጎን ሲሄዱ ይጣበቃሉ። ትልልቆቹን ግን ምቱ ከሥር ባንዴ ይገፋቸውና አብረው ይነሳሉ፤ በጣም ስለሚግሉም መንገድ ላይ ይፈረካከሳሉ። ይሄን ብመልስም አልለቀቁኝም። እርስዎ ከወጡ ወዲህ እንዲያውም ባሰባቸው፤ ላብ በላብ አደረጉኝ።»

«እሰይ፣ እንኳን አላበሽ፤ በላብሽ አለፍሽ» አልኳት።

«ይነሱ፣ ፎቶ እንነሳ። የጠየቁኝ መምህር እርስዎን ካልጠራሽ ብለውኛል።»

«ከፈለገ እዚሁ ይምጣ። ፊቴን ግን አልገልጥም።»

መምህራኑ ሁሉ መጡ። ፎቶው አሁን ቤቴ ተሰቅሏል፤ ሁሉም ጥርሳቸውን ገልፍጠዋል፣ ከመላጣው ጎን ግን ነጠላና አፍንጫ ብቻ ነው ያለው። እንግዳ «ይቺ ማን ናት?» ሲለኝ፣ «እንጃ፣ ያገሩ አሮጊት ትሆናለች» እላለሁ።