ጥርሴን የደበቅኩበት ወፍጮ ቤት

ዛሬ ምሳ ላይ ጥብስ ቀርቦልኝ ጥርሴ ቤት አልነበረም።

የልጅ ልጆቼ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ላይ ሲያቀረቅሩ አይቼ፣ «ተነሱና የደበቅኩትን ሀብት ፈልጉ» አልኳቸው።

«ውድ ነገር ካልሆነ አንነሳም» አሉኝ። ከእኔ ንብረት ደግሞ ከሰው ሠራሽ ጥርሴ የሚወደድ የለም።

የከረሜላ ጣሳ ውስጥ ከትቼ ሰፈር ውስጥ ደበቅኩትና «ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ዛፉ ሥር» ብዬ ላክኋቸው።

ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። «አባባ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ እኮ ዛፍ የለም።»

«የአሁኑን ማን አላችሁ? የድሮውን ነው እንጂ።»

«የድሮው የት ነው?»

«ፈርሷል።»

የፈረሰው እናታቸው ሳትወለድ ነው። እኛ የኮልፌ ሰዎች ግን ቤት ስለፈረሰ ብቻ ምልክትነቱን አንነፍገውም።

ባለቤቴ ትሪውን እያስቀመጠች «አንተ ሰውዬ፣ በድድህ ልትበላ ነው?» አለችኝ። ራሴ ሄጄ እንዳላመጣው ልጆቹ «አባባ ተሸነፉ» ሊሉኝ ነው። ጥብሱ እየቀዘቀዘ በሩን በሩን አየሁ።

ያዳኑኝ በራቸው ላይ ፀሐይ የሚሞቁት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ናቸው። ልጆቹ እንደገና ወጥተው የድሮውን ወፍጮ ቤት ቢጠይቋቸው፣ በምርኩዛቸው ቀጥ አድርገው ዛፉን አሳዩአቸው።

ጥርሴ መጣ፣ ታጠበ፣ ቦታው ገባ። ጥብሱን ግን «ያገኘ ይሸለማል» ብለው ልጆቹ ጨረሱት። ለእኔ መረቁ ተረፈኝ። እሱን እንኳ ያለ ጥርስም እችለው ነበር።

እስቲ እናንተም አውሩኝ፦ በፈረሰ ቤት አቅጣጫ ጠቁማችሁ ማንን አንከራትታችኋል?