ምዕራፍ ስድስት የሌለው መጽሐፍ

ባለፈው ጥር ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ድምፁ የወጣት፣ አነጋገሩ የአስተማሪ ነው። «‹መሪ ጨባጮች›ን የጻፉት ጋሽ ደረጀ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። መቼም ጸሐፊ ምስኪን ነው፤ ስሙን ከመጽሐፉ ጋር የሚጠራለት ሲገኝ ይሞቀዋል። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ። «ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ላይ ገዝቼው ነበር። ግን ገጽ ጎድሎታል፤ ከምዕራፍ አምስት ዘሎ ሰባት ይላል። ሙሉው ይኖርዎት ይሆን?»

ስልኩን ከበረንዳው ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሰው ሁሉ ተማክሮ የሚጠይቀኝ ነው የሚመስለኝ። ገጽ አልጎደለውም፣ ወንድሜ! «እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁበትና ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ።

ያን መጽሐፍ ስጽፍ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አዳማን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ አባቴ መኮንን ደግሞ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ነበር የምለው ልጅ ሳለሁ ስለሞተ ነው። ከአሰላ ገብስ ጭኖ ሲመለስ የኢተያን ቁልቁለት ሲወርድ መኪናው ተገለበጠ። ረዳቱ ታምሩም አብሮት ሞተ። ታምሩ የወይዘሮ አስካለ አንድ ልጅ ነበር፤ ወይዘሮ አስካለ ከእኛ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ የምትኖር የእናቴ ወዳጅ ነበረች።

ከተማው ፍርዱን ለመስጠት ቀብሩ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም። መኮንን አንቀላፍቶ ነው ተባለ። ማን አየው? ማንም። ግን ተባለ፣ ተባለና እውነት ሆኖ ቀረ። እኔን ትምህርት ቤት «የእንቅልፋሙ ልጅ» ይሉኝ ነበር። እናቴን ግን የጎዳት የልጆች ስድብ አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ አስካለ ሰላም ብላት አታውቅም። ሽንኩርት ተራ ሲገናኙ እናቴ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ ትቆማለች፤ ዛሬ እንኳ ሰላም ትለኝ ይሆናል ብላ። ወይዘሮ አስካለ ፊቷን አዙራ ታልፋለች። እናቴ ዘንቢሏን አንስታ ወደ ቤት ትመለሳለች፤ የዚያን ቀን ወጡ ጨው ይበዛበታል ወይም ጨውን ጭራሽ ትረሳዋለች።

መጽሐፉን ስጀምር ስለ አባቴ ልጽፍ አላሰብኩም፤ እውነቴን ነው። ስለ ናዝሬት ሾፌሮች፣ ስለ አሰብ መንገድ፣ በረሃ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ስለሚደረገው የሚጽፍ ሰው ጠፋ ብዬ ነው የተነሳሁት። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየተሳፈርኩ ጡረታ የወጡ ሾፌሮችን ፍለጋ እዞራለሁ። መተሐራ፣ መቂ፣ ዝዋይ። ዝዋይ ላይ አንዱ የተጠበሰ ዓሣ አጥንቱን እያወጣ ያወራኛል፤ መቂ ላይ ሌላው ፓፓያ ቆርሶ ከነሎሚው ያቀርብልኛል። የበጋው ነፋስ አቧራውን እያነሳ ወረቀቴ ላይ ይበትነዋል፤ አሁንም ከእነዚያ ወረቀቶች ባራግፍ የመቂ አፈር የሚወጣ ይመስለኛል። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። መጽሐፍ መጻፍን የመሰለ ነገር የለም፤ ማሳተም የሚባለው ጣጣ እስኪመጣ ድረስ።

ዓለም ጤና ላይ ኦቦ ቱፋን አገኘኋቸው። የአባቴ የሥራ ባልደረባ ናቸው፤ መኪና ትተው በመስኖ ሽንኩርት ይዘዋል። ማሳቸው ዳር ቁጭ ብለን ብዙ አወራን። ልሄድ ስነሳ እጄን ያዙና አልለቅም አሉ።

«የመኮንን ልጅ፣ አባትህ አላንቀላፋም» አሉኝ። «ያን ቀን አሰላ አብረን ነበርን። ፍሬኑ አልያዘለትም ነበር። ስልክ ቤት ገብቶ ለገዛኸኝ ሲደውልለት አጠገቡ ቆሜያለሁ። ‹ፍሬን የለኝም፣ መካኒክ ላክልኝ› አለው። ገዛኸኝ ‹ገብሱ ገበያ ያልፍበታል፣ ቀስ እያልክ ውረድ› አለው። ከስልኩ ድምፁ ይሰማኝ ነበር።»

አቶ ገዛኸኝ የመኪናው ባለቤት ነው። ያኔም ትልቅ ሰው፣ እኔ መጽሐፍ ስጽፍ ደግሞ ይባሱኑ ትልቅ ሰው፤ የእድራችን ሰብሳቢ። አባቴን የቀበረው እድር ሰብሳቢ ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ቤቴ ገብቼ ሳላቋርጥ ጻፍኩት። ምዕራፍ ስድስት ሆነ።

ለእናቴ አነበብኩላት። እማዬ ፊደል ብትቆጥርም ረጅም ነገር አታነብም። ስጨርስ አላለቀሰችም። «አስካለ ጋ የሚያነብላት ሰው ይኖር ይሆን?» አለችኝ። «የእህቷ ልጅ አለች» አልኳት። ተነስታ ሣጥኗን ከፈተችና የእቁቧን ገንዘብ ከነመቋጠሪያው እጄ ላይ አኖረችው። ለመጽሐፍ ሳይሆን ለአንዲት ሴት ለሚደርስ አንድ ቃል ነው የሰጠችኝ። እኔም ከዚያ ቀን ወዲያ መጽሐፉን ለሕዝብ እያልኩ ባወራም የማሳትመው ለወይዘሮ አስካለ ነበር።

ጽሑፉን በኮምፒውተር ለሚያስገባልኝ ቤት ሰጠሁ። ናዝሬት ውስጥ ወረቀት ከሰው እጅ ገባ ማለት ወሬው ከመጽሐፉ ቀድሞ ታተመ ማለት ነው። ሳምንት አልሞላውም። እሑድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ጋቢያቸውን በወጉ አጣፍተው፣ አንዱ ከዘራ ይዘው። ነጋዴው ሐጂ ኑሩ ፊት ናቸው። አንድ ቄስ አሉ። ከኋላ አንገታቸውን የደፉት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ኦቦ ቱፋ!

«አካም ቡልተን?» አሉ፣ እንዴት አደራችሁ ለማለት፣ ዓይኔን ሳያዩ።

እማዬ ለእህቴ ለሰናይት የተላኩ መስሏት በደስታ የምታደርገው ጠፋት። ሰናይት ጓዳ ገብታ የፀጉሯን ሻሽ ስትቀይር ይሰማኛል። «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ብትላቸው እምቢ አሉ። «ያሰብነው ካልሆነልን አንቀመጥም» አሉ ሐጂ ኑሩ። እሱም የጋብቻ ወግ ስለሆነ እናቴ ይበልጥ ፈገግ አለች።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ የመጣነው ለመጽሐፉ ነው» አሉ።

ለመጽሐፍ ሽማግሌ ሲላክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም ነበር። ሐጂ ኑሩ ቀጠሉ፤ ድምፃቸው ማር ነው። «አቶ ገዛኸኝ ታመዋል፤ ልጆቻቸውም ለጋብቻ ደርሰዋል። የሞተው ላይመለስ ያለውን እንዳናዋርድ ብለን ነው። ያቺ አንዷ ምዕራፍ ብቻ ትውጣ። ለእኛ ሲባል።»

«የነገሩኝ እኮ እኚህ ናቸው!» ብዬ በኦቦ ቱፋ ላይ ጣቴን ቀሰርኩ። «ይናገሩ እንጂ ኦቦ! ዋሽቻለሁ?»

«አልዋሸህም» አሉ። «ሽማግሌ ሁን ስባል ግን እምቢ አይባልማ፣ ልጄ። እኔም የምለምንህ እንዳልዋሸህ እያወቅሁ ነው።»

ቆሽቴ አረረ። ውሸት ነው ቢሉኝ እከራከር ነበር። እውነት ነው፣ ግን አውጣው የሚልን ሽማግሌ ምን ታደርገዋለህ? «አላወጣም!» ብዬ ጮህኩ። እነሱ ቆመዋል። ፀሐይዋ ወጥታ በሩን አልፋ ሳሎን ገባች፤ እነሱ ቆመዋል። ጎረቤት በአጥር ላይ ማየት ጀመረ። ቄሱ አርጅተዋል፤ ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ይታያል። እናቴ ይህን ማየት አልቻለችም።

«ይውጣ» አለች።

«እማዬ!»

«ዝም በል አንተ። ይውጣ አልኩ።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «እኔም ግን እናንተን እለምናለሁ። በወረቀት ካልሆነ በአፋችሁ ለአስካለ ንገሩልኝ። ባሌ ልጇን በእንቅልፍ እንዳልገደለባት ንገሩልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

«እሺ» አሉ ሦስቱም። መረቁን፤ ቁጭ ብለው ቁርስ ቀመሱ፤ ሰናይትንም ለወግ ማዕረግ ያብቃሽ አሏት። እሷ ከጓዳ አልወጣችም።

እኔ ግን እልኸኛ ነበርኩ። ምዕራፉን አወጣሁ፣ ቁጥሩን ግን አልነካሁም። አዲስ አበባ ባለው ማተሚያ ቤት እርማቱን ያሳየኝ ሰውዬ «አምስትና ሰባት መሃል ስህተት አለ፣ ላስተካክለው?» ቢለኝ «እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩበት። አንባቢ ክፍተቱን ሲያይ አንድ ነገር እንደተወሰደበት ይገባዋል፣ ይጠይቃል፣ ይቆጣል፣ ናዝሬት ትናወጣለች ብዬ ነው። አይ ልጅነት! አንድም ሰው አልገባውም። ሁሉም ማተሚያ ቤቱን ረገመ። መጽሐፉ የተመረቀው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው፤ የክብር እንግዳው፣ ጉድ በሉ፣ አቶ ገዛኸኝ። በምርኩዝ ተደግፎ ተነሳና «ይህ ልጅ የአባቶቹን ታሪክ አቆየልን» ብሎ አጨበጨበልኝ። ሰው ሁሉ አብሮ አጨበጨበ። እኔም እጅ ነሣሁ፤ ምን ላድርግ?

ወር ሳይሞላ መጽሐፍ ሻጮቹ እየጠቀለሉ መለሱልኝ። «ጉድለት ያለበት ነው፣ ሰው እየመለሰብን ነው» ይላሉ። «ጉድለት አይደለም፣ ሆን ብዬ ነው» ብላቸው እንደ ቀወሰ ሰው ያዩኛል። አንዱማ አዝኖልኝ «በሚቀጥለው እትም ታስተካክለዋለህ፣ አይዞህ» አለኝ። ጥቅሎቹ አልጋ ሥር ተደረደሩ። አንዳንዱን አይጥ በላው፤ አንዳንዱን ሰናይት ስታገባ ለእንግዳ እናድል አለች፣ አደልን።

ይህ ሁሉ አንድ ነገር ነው። እኔን ለዓመታት ያንገበገበኝ የእናቴ ነገር ነው። ገበያ ደርሳ በመጣች ቁጥር «አልነገሯትም መሰለኝ» ትለኛለች። «ዛሬም ፊቷን አዞረችብኝ።» ኦቦ ቱፋን ልጠይቅ ዓለም ጤና ብሄድ «የታዘዝኩትን አድርጌያለሁ» ብለው ወሬ ይቀይሩብኛል። ዋሹን ብዬ ደመደምኩ። እነዚያን ሽማግሌዎች በልቤ ያላልኳቸው ነገር የለም። ቀብራቸው ላይ እንኳ ቆሜ ተናድጃለሁ። ከዚያም እማዬ ራሷ ሞተች፣ ያቺን ሰላምታ ሳታገኝ።

እንግዲህ ያ የጥር ስልክ ይህን ሁሉ ቀሰቀሰብኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ሲነጋ ለወይዘሮ አስካለ ራሴ ልነግራቸው ወሰንኩ። ወይዘሮ አስካለ በሕይወት አሉ፤ እጅግ አርጅተው በእህታቸው ልጅ ቤት። አሁን አንቱ ነው የምላቸው፤ ከላይ አንቺ ያልኳቸው ልጅ ሆኜ በእናቴ አፍ ስለለመድኩ ነው። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ማንነቴን ስነግራቸው ፊቴን በእጃቸው ዳበሱት።

«አንድ የምነግርዎ ነገር ነበረኝ፤ ዘግይቻለሁ» አልኳቸው። «አባቴ ያን ቀን...»

«ፍሬን አልነበረውም» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?» አልኩ።

«ቱፋ መጥቶ ነግሮኛል። አንተ መጽሐፍ ባሳተምክበት ጊዜ። ሰማች ብለህ ለዘነበች እንዳትነግራት ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን? እማዬ እኮ እስክትሞት ድረስ ነው የጠበቀችዎት!»

«እኔስ?» አሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። «እኔስ አልጠበቅኳትም? የታምሩን ልቅሶ አልደረሰችም። የእሷም ቤት ልቅሶ እንደነበር አጥቼው አይደለም። ግን ዓመቱ አለፈ፣ ሌላው ዓመት አለፈ፣ አልመጣችም። ልጄ ሞቶ ሽማግሌ ትልካለች? እሷ ራሷ ትምጣና አብረን እናልቅስ፣ ያኔ ሰላም እላታለሁ ብዬ ነው በሬን ሳልዘጋ የኖርኩት። ገበያ ላይ ባያት ዓይኔ እንባ ይሞላል፣ እንዳታየኝ ፊቴን አዞራለሁ።»

በሁለቱ ቤቶች መሃል ያለውን መንገድ ሕፃን ሳለሁ እሮጠው ነበር፤ ትንፋሽ እንኳ አያስቆርጥም። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ገጽ ጎድሎታል ብሎ ለደወለልኝ ልጅ እስካሁን አልደወልኩለትም። ምዕራፍ ስድስትን ልልክለት እችላለሁ፤ አሁን የሚለምነኝ ሽማግሌ የለም። ልጁ አንብቦ ፍሬኑ እንዳልያዘ ያውቃል። ያንማ ሁለቱም ሴቶች ያውቁት ነበር፤ ማን አጥቶት!

ስነሳ ወይዘሮ አስካለ እጄን ይዘው፣ «መቃብሯ የት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ሩቅ ነው» አሉ፤ ከዚያ ለእህታቸው ልጅ ጮክ ብለው፣ «ነጠላዬን አምጪልኝ» አሏት።