ተቀምጦ «ኖር» ማለት

ከመውደቋ በፊት የነበረው ቀን ቅዳሜ ነበር። ታላቅ እህቴ ከቦንጋ ገበያ ስትመለስ ባጃጁን ደልዳላ ቦታ አስቆመች። ሁለቱም እግሮቿ መሬት ሳይረግጡ ከወንበሩ አልተነሳችም። ጎረቤታችን አይታ ሳቀች።

«እትዬ፣ እንቁላል ተሸክመሽ ነው እንዴ?»

«እንቁላሉ እኔው ነኝ» አለቻት።

እውነቷን ነው። ለአስም ብላ ለዓመታት የወሰደችው መድኃኒት አጥንቷን አሳስቶ በቀላሉ የሚሰበር አድርጎት ነበር። እጇ የተሰበረ ጊዜ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ዋናው ነገር አለመውደቅ ነው» አላት። እሷም እንደ ሙያ ያዘችው። ጠርዙ የተነሳውን ሰሌን ከቤት አስወጣች። ከበራፍ እስከ መጸዳጃ ቤት የቃጫ ገመድ አስወጠረች፤ ሲዘንብ እሱን ይዛ ትሄዳለች። ጠዋት ከመነሳቷ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቁጭ ትላለች። የእኛ አገር ጭቃ ጤነኛውን ሲጥል እሷ... ስንት ክረምት አለፈ፣ አልወደቀችም። እንደ እሷ ትጉህ ሰው አላየሁም።

የከበዳት አንድ ነገር ነበር፤ እንግዳ ሲገባ አለመነሳት። እሱንም ለመደችው። «ኖር ብያለሁ፤ እግሬን ይቅር በሉልኝ» ስትል ሰው ይስቃል።

እሑድ ያልታሰበ እንግዳ መጣ። ልጅ ሳለች ዋጫ ከተማ ፊደል ያስቆጠሯት ሽማግሌ ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው ሲገቡ ብድግ አለች፤ እንደ ተማሪ።

«በእግዜር! ኧረ ተቀመጪ ልጄ!»

ቃላቸውን ሳይጨርሱ በጎኗ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ።

ሆስፒታል ተኝታም የምታስበው ለእሳቸው ነበር። «የኔታ በራሳቸው እንዳይፈርዱ ንገርልኝ። ደስ ብሎኝ ነው የተነሳሁት» አለችኝ። አጠገቧ የተኙትን አሮጊት ደግሞ «እማማ፣ ከአልጋ ሲወርዱ አይቸኩሉ፤ እኔን አይተው ይማሩ» ትላቸዋለች። ከዚያ ሳንባዋ ታመመ። እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። አረፈች።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። ለቀብር ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ የግቢያችን ቁልቁለት ደግሞ ያንሸራትታል። ዶማ አንስቼ ቁልቁለቱን እንደ ደረጃ ቆፈርኩት፤ ጠጠር አለበስኩት። የኔታ ሲደርሱ «በእኔ ሰበብ ነው፤ አልገባም» ብለው ከቁልቁለቱ ሥር ቆሙ። ወርጄ ክንዳቸውን ያዝኩና ያለችኝን ነገርኳቸው። ቀስ ብለን ወጣን።