በዚሩ ውሃ ያልወረደው ባዜቃ

ጣሊያን መተማን በያዘ ጊዜ እኔ ነጋዴ ነበርሁ። ሰሊጥ ይዤ ድንበሩን አልፌ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገላባት እሻገራለሁ፤ ጨው፣ ሳሙናና አቡጀዲ ይዤ እመለሳለሁ። የማይነገረው ሥራዬ ደግሞ በቋራ በረሃ ለሰፈሩት አርበኞች መድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ማድረስ ነበር። ባለቤቴም ከእነሱ ጋር ነበር። ዕቃ መግዛት እችልበታለሁ፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ሻጭ ሲምልልኝ እስኪጨርስ እሰማዋለሁ፣ ከዚያ ዕቃውን እፈትሻለሁ።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ከበረሃው መልእክት መጣ። የሰፈሩ ድሬሰር፣ ቀደም ሲል ሐኪም ቤት ያገለገለ ጎልማሳ ሰው፣ ቴርሞሜትሩ ተሰብሮበታል። ንዳዱ፣ የወባው ትኩሳት፣ ብዙ ሰው ጥሏል፤ መድኃኒቱ የኪኒን መርፌ ግን ተሟጦ ለጥቂት ሰው የሚበቃ ብቻ ቀርቷል። ማን መወጋት እንዳለበት በእጅ ዳሰሳ መለየት አልቻለም፤ በዚያ አገር ሙቀት የጤነኛውም ግንባር ይፋጃል። መልእክተኛው መጨረሻ ላይ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ባለቤቴም ከተኙት አንዱ መሆኑን ነገረኝ።

በማግስቱ ገላባት ገባሁ። ቴርሞሜትር የነበረው አንድ ባለሱቅ ብቻ ነው። ኡክቲ፣ እህቴ፣ እያለ ተቀበለኝና ከትልቅ ሐኪም ቤት የወጡ ናቸው ብሎ በቆርቆሮ ማኅደር የተቀመጡ መለኪያዎች ደረደረልኝ። አንዱን አንሥቶ ጥላ ሥር ካለው ዚር፣ ውሃ ከሚያቀዘቅዘው ትልቅ ጋን ውስጥ ነከረው። በውስጡ ያለው ባዜቃ፣ ያ ብር መሳይ ፈሳሽ፣ ወዲያው ቁልቁል ወረደ። አውጥቶ በእጁ ሲጨብጠው ተመልሶ ወጣ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ገበያተኞች ተደነቁ፤ አንዱማ ነፍስ አለው አለ።

እኔ አልተደነቅሁም። ድሬሰሩ የድሮውን ቴርሞሜትር እጁን እየወነጨፈ ሲያራግፈው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ የሰው ትኩሳት መለኪያ አንዴ ከወጣ ካልተራገፈ እንደማይወርድ፣ ከብብት አውጥተው እስኪያነቡት የሰውየውን ትኩሳት ይዞ መቆየት እንዳለበት ነግሮኛል። በራሱ የሚወርደው የቤት አየር መለኪያ ነው። ያንን ለበረሃው ብወስድ ንጋት ላይ ሁሉን ጤነኛ፣ ቀትር ላይ ሁሉን በሽተኛ ያደርግልኝ ነበር። አንድ ሰው ማኅደሩን ለዋውጦ ሸጧል፤ ባለሱቁ ራሱ ተታሎ ይሁን አታላይ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያለውን ሁሉ እንዲያወጣ ጠየቅሁትና አንድ በአንድ ዚሩ ውስጥ ነከርኋቸው። ሁሉም ወረዱ። ከሳጥኑ ሥር የነበረው አንድ አቧራ የለበሰ ግን ውሃው ውስጥ ቆይቶም ንቅንቅ አላለም። ባለሱቁ ተሽቀዳድሞ ያ ሞቷል፣ ተዪው አለኝ። እኔ አራገፍሁት፤ ወረደ። ብብቴ ሥር ከትቼ ጠበቅሁ፤ ወጣ። ዚሩ ውስጥ መለስሁት፤ እዚያው ቆመ። የሞተውን ስጠኝ አልሁት። ሞኝ አገኘሁ ብሎ በደስታ ጠቀለለልኝ፤ ሞኝ መባል ያን ቀን ደስ አሰኘኝ።

ዋናው ጠላቱ ፀሐይ ነው፤ ሙቀት ከበዛበት ይፈነዳል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ቅል ውስጥ አኖርሁትና ከሸቀጤ ሥር ደብቄ ተጓዝሁ።

ሰፈሩ ስደርስ የቀረው መድኃኒት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ባለቤቴ ጎጆ ውስጥ ተኝቷል። ጉንጩ ገብቷል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። አጠገቡ የተኛው ከወሎ የመጣ ተዋጊ ግን ይቀልድ ነበር፤ ሚስትህን ለማስመጣት ነው የታመምኸው እያለ ይተርበዋል። ድሬሰሩ ከተኙት ሁሉ ይበልጥ ያሰጉትን እነዚህን ሁለቱን ለካና ወደ ብርሃኑ ወጥቶ አነበበ። የባለቤቴ ከጤነኛ ሰው ብዙም አይርቅም፤ የቀልደኛው ጫፍ ሊነካ ደርሷል። አራግፎ ደግሞ ለካቸው። ያው ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የባለቤቴ መልክ እሱንም አስደንግጦታል፤ መርፌውን ለእሱ መስጠት እንደ እኔ ፈልጎ ነበር መሰለኝ።

"ይሄ ዕቃ ይታመናል?" አለኝ።

እጠራጠራለሁ ብል ይበቃ ነበር። ማንም ለምን አይለኝም፤ መርፌውም ለባለቤቴ ይሆናል።

"ይታመናል፤ እኔው ፈትኘዋለሁ። እሱን ውጉት" አልሁ፣ በአገጬ ወደ ወሎየው እያመለከትሁ።

ቀልደኛው ተወግቶ ዳነ። ባለቤቴን የጣለው ንዳድ ሳይሆን ተቅማጥ ኖሮ፣ በአጥሚትና በዕረፍት ቀስ ብሎ ተነሣ። ኋላ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ በአንዲት ቀጭን የመስታወት ዘንግ ለወጠችኝ እያለ ይቀልድብኝ ነበር፤ እኔም ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ ነው የምለው እለው ነበር። እውነቴን ነው። ያን ዕለት ግን ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ከጎጆው ጀርባ ሄጄ፣ ድምፄ እንዳይሰማ ነጠላዬን ጎርሼ አለቀስሁ። እንደሚተርፍ ገና አላውቅም ነበር።