የጥንት እንግሊዝኛ የተማርኩበት ክፍል

ስለ እስሬ ከመናገሬ በፊት ማን እንደነበርኩ ይታወቅልኝ። ሆሳዕና ውስጥ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የመጣለት ነጋዴ፣ አቤቱታ የሚያስጽፍ ባላገር፣ የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ ያቃተው ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። በጉራጌዎች ሱቅ ውስጥ ስኳር የሚጠቀለልበትን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ እየለመንኩ አነብ ነበር። አሥራ ሁለተኛ የጨረሱ ልጆች በቃል ትርጉም ሲከራከሩ ዳኛቸው እኔ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

የታሰርኩት በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ጃጁራ አካባቢ ያሉ ጭሰኞች ለባለርስቱ እህል አንሰፍርም ብለው ተሰበሰቡ። አቤቱታቸውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ከቤቴ ወሰዱኝ። ፖሊስ አጥብቆ የሚፈልገው ግን እኔን አልነበረም፤ ጭሰኞቹን የሰበሰባቸውን ሰው ነበር። ማን እንደሆነም የት እንደተደበቀም አውቃለሁ። ቢይዙት በሕይወት እንደማይመለስም አውቅ ነበር።

ክፍሉ የጭቃ ነው። የሽንት ባልዲና የረጠበ ገለባ ይሸታል። ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛው በዚያው ጉዳይ የተያዙ የጊምቢቹ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛው ወጣት ነው፤ ስለ መሬት ሰልፍ ወጥቼ ከአዲስ አበባ የሸሸሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ አለኝ።

እንግሊዝኛ እንደምችል ነገርኩት። ፈገግ አለና ከአራት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዞች በቴአትር መድረክ ላይ ይናገሩት የነበረውን ንግግር በቃሉ አወረደው። አብዛኛው አልገባኝም።

«ይሄ እንግሊዝኛ ነው?»

«የቅድመ አያቶቻቸው ነው ጋሼ።»

«አስተምረኝ።»

«እዚህ?»

«ሌላ ቀጠሮ አለህ?»

ሽማግሌው ሳቁ።

ከግድግዳው በወደቀ ኖራ ወለሉ ላይ ይጽፍልኛል፤ አነባለሁ፤ በእግሩ ያጠፋዋል። «ሃርክ» አድምጥ ነው። «ፕሪዚ» እባክህ ነው። «አኖን» አሁኑኑ ነው። ይቺን ሽማግሌውም ወደዷት። ዘበኛው ባልዲውን ለማስደፋት ሲዘገይ በሩን እየደበደቡ «አኖን! አንተ ልጅ፣ አኖን!» ይሉት ነበር።

አንድ ቀን «ቪለን» የሚለውን ጻፈ። ክፉ ሰው ማለት ነው፤ ጥንት ግን የጌታ መሬት የሚያርስ ጭሰኛ መጠሪያ ነበር አለኝ። ለሽማግሌው ተረጎምኩላቸው።

«እህሉን ወስደው ስሙን ስድብ አደረጉት በለኛ» አሉ።

ሦስታችንም ሳቅን። ልጁ ሳቁን ሳይጨርስ «የእናንተዎቹንስ ማን አስነሳቸው?» አለ።

ያኔ አልጠረጠርኩም። «እርስዎ እኮ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበረብዎ» ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ከቤቴ የሚመጣልኝን ቆጮ እኩል አካፍለው ነበር። «ጓደኞቼ ሰውየውን አዲስ አበባ ወስደው ይደብቁታል፣ ስሙንና ያለበትን ብቻ ይንገሩኝ» እያለ ሲለምነኝ ሰነበተ። በመጨረሻ አመንኩት። አንድ ጠዋት ለምርመራ ሲጠሩት «ስትመለስ እነግርሃለሁ» አልኩት።

እኩለ ቀን ላይ ጎኑን ይዞ፣ እያቃሰተ ገባ። በሩ ሥር ቁጭ አለ። ደግፌ ላስነሳው እጁን ያዝኩት።

ንጥር ቅቤ ሸተተኝ። ኮሰረትም ነበረበት። ጥፍሮቹ ሥር ሚጥሚጣ ቀልቷል። ከጣቢያው ማዶ ክትፎ ቤት አለ፤ በምሳ ሰዓት ሽታው በመስኮቱ ሲገባብን ነው የከረመው። አሁን የመጣው ግን በመስኮቱ አልነበረም።

እጁን ለቀቅኩት። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

«እሺ ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ሰውየው ማነው?»

«መጀመሪያ የዛሬውን ቃል።»

«ይጠይቁኝ።»

«ከሰው ጋር በልቶ ሰውን የሚሸጥ፣ በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ሽማግሌው እኔንም እሱንም አዩ። ልጁ ኖራውን አነሳና ሦስት ቃላት ጻፈ። «ኔይቭ» ብዬ አነበብኩ፤ አታላይ ማለት ነው። ሁለተኛውን «ካይቲፍ» አልኩ።

«ኬይቲፍ ነው ጋሼ» ብሎ አረመኝ።

«ኬይቲፍ» አልኩ፤ ወራዳ ማለት ነው። ሦስተኛው የማውቀው «ቪለን» ነበር፤ እሱንም አነበብኩ።

ከዚያ ቆጮውን እንደ ወትሮው ቆረስኩና ድርሻውን ፊቱ አስቀመጥኩለት። አልነካውም።

«ምነው፣ ጠገበ?» አሉ ሽማግሌው።

በማግስቱ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ተባለ። እኔን አላየኝም። ወለሉ ላይ የጻፋቸውን ቃላት ግን ሳያጠፋቸው፣ ተራምዷቸው ወጣ።

ብዙ ሰው ከድቶኛል፤ የአብዛኞቹን መልክ እንኳ ረስቻለሁ። የእሱን ድምፅ ግን አሁንም ማንበቢያ መነጽሬን ባጠለቅኩ ቁጥር እሰማዋለሁ።

ከዚያ ክፍል ወጥቼ የሠራሁትን ልናገር። ፖሊስ የፈለገውን ሰው ስም ለማንም አልሰጠሁም፤ ሰውየው አርጅቶ በገዛ አልጋው ላይ ሞተ። ሽማግሌውን አቤቱታ ጽፌ አስፈታኋቸው። ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። እነዚያን ቴአትሮች ያለ አስተማሪ አንብቤ ጨረስኩ፤ በዚህ አገር ሌላ የጨረሰ ካለ ይምጣና እንነጋገር። ልጁ ያስተማረኝንም ቃል ሁሉ ውሸት ላገኝበት ፈልጌ አንድ በአንድ ፈተሽኩ። አንድም አላገኘሁበትም።