ፎጣ ይዞ መቆም

ልጄ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ የቆዩ የፈረንሳይ ሥዕሎች ፊት ቆማ አለቀሰች።

ሥዕሉ ላይ አንዲት እናት ሕፃኗን ሳፋ ውስጥ ታጥባለች። ሠዓሊዋ መዳብ ሰሌዳ ላይ የቀረጸችውን ሥዕል እያረመች ሦስት ጊዜ ወረቀት ላይ አትማዋለች፤ ሦስቱም ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። በመጀመሪያው የእናቲቱ እጅ ጠማማ ነው።

«እማዬ፣ እሷም በአንዴ አልሆነላትም» አለችኝ።

ልጄ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። ሕፃኑን ባጠበች ቁጥር «እንዲህ አይደለም» እያልኩ ከእጇ እቀበላታለሁ። ሠላሳ ዓመት ደብተር ያረመ እጅ መቼ አርፎ ይቀመጣል!

ሬንተን ከተማ ያለው ቤታችን ስንገባ እሷ አጠበችው፤ እኔ ፎጣ ብቻ ይዤ ቆምኩ።

«ኦኬ ነው፣ እማዬ?»

«አሥር ከአሥር።»

ሳቀች። ተመስገን፣ ይህን ሳቅ ናፍቄው ነበር።

እናንተስ? የመጀመሪያ ልጃችሁን ስታጥቡ አጠገባችሁ የነበረው ሰው ያርም ነበር ወይስ ፎጣ ይይዝ?