ለወንዱ ፓፓያ የቆመው ዋስ

ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ግቢ አጥር በላይ ረጃጅም የአበባ ዘለላ አንጠልጥሎ የቆመ ፓፓያ አለ። ሙቀቱ በረድ ሲል ሽታው ይወጣል፤ ስስ፣ ጣፋጭ፣ ቶሎ የሚጠፋ። ትናንት ከሥራ ደክሜ ስመለስ ያ ሽታ አቆመኝ።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ማሽላው ሁለት ዓመት የከዳው አባቴ በጉድጓድ ውኃ በሚጠጣው ቁራሽ መሬቱ ላይ ፓፓያ ተከለ። የቀረው ተስፋ እሱ ነበር። ፓፓያ እስኪያብብ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ ሲያብቡ አራቱ ወንድ ሆኑ። በሰፈራችን ደግሞ ለማያፈራ ዛፍ አንድ ልማድ ነበር፤ ባለቤቱ መጥረቢያ ያነሣል፣ ጎረቤት ይማልዳል፣ ዛፉም ፈርቶ ያፈራል ይባላል።

«ልቀቁኝ ሼኽዬ! ውኃዬን እየጠጣ የሚንጎማለልብኝን ዛሬ እጥለዋለሁ!» አለ አባቴ፣ ሳቁን አፍኖ።

በመሬታችን ዳር ከሚያልፈው ቦይ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤታችን ሽማግሌ እጁን ያዙት። «በአላህ ተወው! ለከርሞ ኢንሻአላህ ያፈራል፤ ዋሱ እኔ ነኝ።»

እኔ አፈርሁባቸው። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት በተዋስሁት መጽሐፍ ውስጥ ወንድ ፓፓያ ፍሬ እንደማይሰጥ አነበብሁ፤ ቀጣዩን ገጽ ሳልገልጥም ዘጋሁት። አባቴ ጎብዬ ገበያ በሄደበት ቀን አራቱንም ቆረጥሁ። ግንዳቸው ለስላሳ ነበር፤ ነጭ ወተታቸው እጄ ላይ ደረቀ። አባቴ ሲመለስ ጉቶዎቹን አይቶ መጥረቢያውን አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰ፤ እኔም ይህን እንደ ምስጋና ቈጠርሁት።

ከዚያ ሴቶቹ አበባቸውን ማርገፍ ጀመሩ። በየማለዳው ከሥራቸው ቢጫ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ፍሬ ግን የለም። ያልገለጥሁት ገጽ ሴቷ ያለ ወንዱ አበባ እንደማታፈራ ይናገር ነበር።

ሽማግሌው ሰምተው መጡ። «አንተ ባለ ደብተር፣ ያፈራል ስል በራሱ ነው አልኩህ? በሚስቶቹ ነው እንጂ!» ብለው ሳቁ።

አባቴ አንገቱን ደፋ። «አሳፈርንዎ ሼኽዬ።»

«ዋስ ሲጠራ ይቀርባል» አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ፣ ከጓሯቸው ወንድ ፓፓያ የአበባ ዘለላ እየቀነጠሱ በምርኩዝ ቦዩን ይሻገሩ ነበር። ጎንበስ ቀና እያሉ አበባውን ከአበባው ያነካካሉ። ጉልበታቸው ሲዝል ዘለላውን ተቀብዬ እኔ አነካካለሁ፤ እሳቸው ቦዩ ዳር ተቀምጠው «ቀስ፣ እንዳታስደነግጣት» ይሉኛል። ያኔ የተንጠለጠለውን ፍሬ ስንበላ አብረውን ነበሩ። አባቴ በጉቶዎቹ ቦታ የተከለው ችግኝ ወንድ መሆኑ የታወቀበትን ቀን ግን አልደረሱበትም።

ያን ቀን አባቴ የመጀመሪያውን አበባ ቆርጦ ወደ ቦዩ ሄደ። ማዶ ያለው በር ተዘግቷል። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሼኽዬ፣ አብቧል» አለ ጮክ ብሎ። «ከዋስነትዎ ወርደዋል።»

ውኃው በመካከላችን ይፈስ ነበር። አበባውን እዚያው ዳር፣ እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ድንጋይ ላይ አኖረው።